ኃይሉ ዘሩ ውስጥ ነው፦ ኒምን ለፀረ ተባይነት አዘጋጅቶ የመርጨት መመሪያ

ኒም ረጭተን ለውጥ አላየንም የሚሉ ገበሬዎችና የጓሮ አትክልት አልሚዎች ብዙ ናቸው። ምን እንዳደረጉ ጠጋ ብሎ ለጠየቀ ሰው ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ ከጥቂቶቹ አንዱ ነው። ወይ ዛፉ ኒም አልነበረም፤ ወይ ዘሩ ሻግቶ ነበር፤ ወይ ዝፍዝፉን በእሳት አፍልተውታል፤ ወይም ደግሞ የረጩት በቀትር ፀሐይ፣ ትሉ ከወፈረ በኋላ ነው። ኒም የሚሠራው አያያዙን ለሚያውቅ ሰው ነው። አያያዙ ደግሞ ከባድ ትምህርት አይጠይቅም፤ ሙቀጫ፣ ሰፌድ፣ ባልዲ፣ አሮጌ ነጠላ፣ ጥቂት ሳሙናና ሰዓት መጠበቅ ይበቃዋል።

በመጀመሪያ ዛፉን ይለዩ

ኒም የቆላ ዛፍ ነው። መነሻው የህንድ ክፍለ አህጉርና አካባቢው ሲሆን፣ በአገራችን በድሬዳዋ፣ በአዋሽ ሸለቆ፣ በጋምቤላ፣ በመተማና በሁመራ በኩል በደንብ ለምዷል። በምሥራቁ ክፍል ኪኒን የሚሉትም አሉ። ሙቀትና ድርቅ ይችላል፤ ውርጭና ውኃ የሚተኛበት መሬት ግን ይገድለዋል። ከባሕር ጠለል በላይ 1,500 ሜትር ገደማ ካለፉ በኋላ በደንብ ያደገ ኒም ማግኘት ይከብዳል።

ስለዚህ በወይና ደጋ ከተማ ውስጥ አንድ ሰው «ይኸው ኒም» ብሎ ዛፍ ቢያሳይዎ ቅጠሉን ሳይመረምሩ አይቀበሉ። እዚያ በብዛት በኒም ስም የሚጠራው የቅርብ ዘመዱ ሚሊያ ነው። ሁለቱን መለየት ቀላል ነው። የኒም ቅጠል አንድ ዘንግ አለው፤ ጠርዛቸው እንደ መጋዝ የተከረከመና ጎበጥ ያሉ ትንንሽ ቅጠሎች በዘንጉ ግራና ቀኝ ይደረደራሉ። የሚሊያ ዘንግ ግን ራሱ ቅርንጫፍ ያወጣና ትንንሾቹ ቅጠሎች በእነዚያ ቅርንጫፎች ላይ ይደረደራሉ። የኒም አበባ ነጭ ነው፤ የሚሊያ ወደ ሐምራዊ ያደላል። የኒም ፍሬ ሞላላ ሆኖ ሲበስል ይቢጫል፣ ይለሰልሳል፣ ይረግፋል። የሚሊያ ፍሬ ክብ ነው፤ ቅጠሉ ከረገፈ በኋላም በዘለላው ተንጠልጥሎ ይቆያል፤ ውስጡም ሸንተረር ያለው ጠንካራ ድንጋይ ነው። የሚሊያ ፍሬ ሰውንም ከብትንም ይመርዛል። በኒም ፋንታ እሱን አይጠቀሙ።

ትሉ በማግስቱ የማይሞተው ለምንድን ነው

ይህን ሳይረዱ ወደ ሥራው የገቡ ሰዎች ተስፋ የሚቆርጡት በሁለተኛው ቀን ነው። እ.ኤ.አ. በ1959 ጀርመናዊው የነፍሳት ተመራማሪ ሃይንሪሽ ሽሙተረር ሱዳን ውስጥ የአንበጣ መንጋ አካባቢውን ሲያወድም አየ። መንጋው የኒም ዛፎች ላይም አርፎ ነበር፤ ግን ሳይበላ ተነሥቶ ሄደ። ከዚያ በኋላ በተደረጉ ምርምሮች ዋናው ባለ ጉዳይ አዛዲራክቲን የተባለ ንጥረ ነገር መሆኑ ታወቀ። ውስብስብ ከመሆኑ የተነሣ በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ በስቲቨን ሌይ የሚመራው ቡድን በቤተ ሙከራ አሟልቶ ለመሥራት 22 ዓመት ፈጅቶበታል፤ የተሳካለትም እ.ኤ.አ. በ2007 ነው። ድሬዳዋ መንገድ ዳር የቆመ ኒም ይህንኑ ነገር በየዓመቱ አፍርቶ ያረግፈዋል፤ ጠዋት ጠዋት ከአቧራ ጋር ተጠርጎ ሲጣል ማየት ያስቆጫል።

አዛዲራክቲን እንደ ማላታይን ነርቭ መትቶ የሚጥል አይደለም። ትሉ የተረጨውን ቅጠል ሲቀምስ የምግብ ፍላጎቱ ይዘጋል። ትል የሚያድገው ቆዳውን እየገፈፈ ስለሆነ፣ ያንን የሚያዝዘውን ሆርሞን አዛዲራክቲን ያዛባበታል፤ አሮጌው ቆዳ ላይ እንደተጠመደ ይቀራል። እናቲቱም በተረጨ ቅጠል ላይ እንቁላል መጣል ትሸሻለች። ይህ ሁሉ ቀናት ይወስዳል። ስለዚህ በማግስቱ የሞተ ትል አይቁጠሩ። ይልቁን በረጩ ዕለት ጥቂት ቅጠሎች ላይ ክር አስረው ምልክት ያድርጉና በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ቀን አዲስ የተበላ ቦታ መኖር አለመኖሩን ይዩ። ትሉ በሕይወት እያለ ቅጠሉ ካልተበላ ሥራው ተሠርቷል።

ከዚህ የሚከተል አንድ ነገር አለ። ኒም የሚይዘው ትንሹን ትል ነው። ጠግቦ ሊጨርስ የተቃረበ፣ ወደ አፈር ሊገባ ያለ ትል ብዙም አይጎዳውም። በሳምንት ሁለት ጊዜ የቅጠሎቹን ጀርባ እየገለበጡ እንቁላልና ገና የተፈለፈለ ትል የሚፈልግ ዓይን ከሌለ ምርጡ ዝፍዝፍም ዘግይቶ ይደርሳል።

ዘሩን መልቀምና ማድረቅ

በጣም የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው፤ ስለዚህ ትንሽ ልቆይበት።

ፍሬው ሙሉ ለሙሉ ሲቢጫ ይልቀሙ። አረንጓዴውን ማርገፍ ትርፍ የለውም። ከሥሩ ንጹሕ ሸራ ወይም ጆንያ አንጥፎ ቅርንጫፉን ቀስ አድርጎ መነቅነቅ መሬት ላይ ከወደቀው ከመልቀም ይሻላል፤ እርጥብ አፈር ላይ ያደረ ፍሬ ሻጋታ ይጀምረዋልና። ወፎችና የሌሊት ወፎች ጣፋጩን ሥጋ በልተው የሚተፉት ዘርም አለ። ከሚያርፉበት ዛፍ ሥር ተሰብስቦ ከተገኘና ትኩስ ከሆነ ልጣጩን የማስወገዱን ሥራ ቀንሰውልዎታል።

የተለቀመውን ፍሬ ክምር አድርገው አያሳድሩት። ይሞቃል፣ ይቦካል፣ ውስጡም ይበላሻል። በዚያው ቀን ወይም በማግስቱ ውኃ ውስጥ ነክረው በእጅ እያሹ ሥጋውን ያስለቅቁ፤ ዘሩን ሁለት ጊዜ በንጹሕ ውኃ ያለቅልቁ። የሚንሳፈፈው ብዙውን ጊዜ ባዶ ነው፤ አውጥተው ይጣሉት።

አሁን ጥላ ውስጥ ያድርቁት። ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ ማስጣት እህል የለመደ እጅ የሚሠራው ነገር ነው፤ ለኒም ግን አይሆንም፤ ፀሐይ የሚፈልጉትን ንጥረ ነገር ያዳክመዋል። ነፋስ የሚያገኝ ቦታ ላይ፣ ከመሬት ከፍ ባለ ቆጥ ወይም ወንፊት ሽቦ ላይ፣ አንዱ በአንዱ ላይ ሳይደራረብ በስሱ ያሰራጩት፤ በቀን ሁለት ሦስቴ ያገላብጡት። አንድ ዘር ይዘው ሲያንቀጨቅጩት አስኳሉ ቅርፊቱ ውስጥ ሲንኳኳ ከተሰማ ደርቋል። ከዚያ በጆንያ ወይም በቅርጫት ይቀመጥ። ላስቲክና ጥብቅ ክዳን ያለው ጀሪካን እርጥበት ስለሚያፍን ሻጋታ ይጠራል።

የሻገተ ዘር ኃይሉን ከማጣቱም በላይ አፍላቶክሲን የተባለውን መርዝ የሚያመነጭ ሻጋታ ሊይዝ ይችላል። ስለዚህ «ለእርሻ ነው፣ ምን ችግር አለው» ብለው አይውቀጡት፤ ዱቄቱን የሚተነፍሰው ወቃጩ ነው። ከመጠቀምዎ በፊት ጥቂት ዘሮች ሰንጥቀው ይዩ። ጥሩ አስኳል ነጣ ያለ አረንጓዴ ነው፤ የጠቆረውንና ቡናማ የሆነውን ይለዩ። የህንድ የግብርና መመሪያዎች ከተለቀመ ከ3 እስከ 8 ወር ያለውን ዘር ይመርጣሉ። ዓመት ካለፈው ጆንያ ብዙ አይጠብቁ።

መፈልፈል፣ መውቀጥ፣ መዘፍዘፍ

መጠኑን አስቀድመን እንያዝ፦ ለ1 ሊትር ውኃ 50 ግራም የአስኳል ዱቄት። በጀርባ ለሚታዘል ባለ 20 ሊትር መርጫ 1 ኪሎ ማለት ነው። ከደረቁ ዘር ግማሽ ያህሉ ቅርፊት ስለሆነ ለዚህ 2 ኪሎ ያህል ዘር ያስፈልጋል። ለጓሮ ጎመን ብቻ ከሆነ 5 ሊትር ውኃና 250 ግራም ዱቄት ይበቃል።

ዘሩን ሙቀጫ ውስጥ አድርገው ቀለል ባለ ምት ቅርፊቱን ይሰንጥቁ፤ በሰፌድ ያበጥሩና አስኳሉን ያስቀሩ። ከዚያ አስኳሉን ይውቀጡ፤ ግን በኃይል አይሁን። ዘነዘናው ከከበደበት ቅባቱ ይወጣና ዱቄቱ ይላቁጣል፤ ውኃውም በደንብ አይገባበትም። የሚፈለገው እንደ ሽሮ የላመ ሳይሆን ሸካራ ዱቄት ነው። የሚበላ ነገር በሚወቀጥበት ሙቀጫ አይጠቀሙ፤ ምሬቱ በቀላሉ አይለቅም።

ዱቄቱን በቁራጭ ነጠላ ቋጥረው ቀዝቃዛ ውኃ ያለበት ባልዲ ውስጥ ይንከሩና ለ12 ሰዓት ያህል ይተዉት። ብዙ መመሪያዎች ሌሊቱን ይደር ይላሉ። እኔ የምመክረው ሌላ ነው፦ ጎሕ ሲቀድ ዘፍዝፈው ወደ ማታ ይረጩ። ሌሊት ያደረ ዝፍዝፍ ጠዋት ይደርስና ወይ በፀሐይ ይረጫል፣ ወይ እስኪመሽ ሲቀመጥ ኃይሉ ይቀንሳል። ባልዲው ጥላ ውስጥ ይቀመጥ፤ ይከደን።

ሰዓቱ ሲደርስ ቋጠሮውን ባልዲው ውስጥ ደጋግመው ይጭመቁት። የሚወጣው ፈሳሽ ወተት መምሰል አለበት። ጠቆር ያለ ቡናማ ከሆነ ዘሩ ጥሩ አልነበረም። አሁን እንደገና በወፈረ ጨርቅ ያጥልሉት፤ የቀረች ቅንጣት የመርጫውን አፍ ደፍና ሥራ ታስፈታለች። መጨረሻ ላይ ለ20 ሊትር አንድ የሾርባ ማንኪያ ፈሳሽ ሳሙና ወይም ተፍቆ የሟሟ ጥቂት የልብስ ሳሙና ይጨምሩ። የጎመን ቅጠል ሰም ስላለው ያለ ሳሙና የተረጨው ሁሉ ተንከባሎ ይወርዳል።

ሁለት ነገሮች ይህን ሁሉ ድካም ያበላሻሉ። አንደኛው ማፍላት ነው። ብዙ ሰው መድኃኒትነት ያለው ነገር ሲፈላ ይጠነክራል ብሎ ያምናል፤ አዛዲራክቲን ግን በሙቀት ይፈርሳል። ሁለተኛው አመድ ወይም ኖራ መደባለቅ ነው። አመድ ለብቻው ለአንዳንድ ተባይ ይረዳ ይሆናል፤ ከኒም ጋር ሲገናኝ ግን ኒሙን ያበላሸዋል።

መቼና እንዴት ይረጫል

ከቀኑ 11 ሰዓት በኋላ። ለዚህ ሁለት ምክንያት አለ። ፀሐይ አዛዲራክቲንን ስለምትሰባብረው ማታ የተረጨው ሌሊቱን ሙሉ ቅጠል ላይ ይሠራል፤ ብዙ ትሎችም የሚበሉት በጨለማ ነው። ሁለተኛ፣ በዚያ ሰዓት አብዛኞቹ ንቦች ወደ ቀፏቸው እየገቡ ነው። ኒም ቅጠል የሚበላውን እንጂ አበባ የሚቀስመውን ነፍሳት እምብዛም አይጎዳም፤ ያም ሆኖ ሳሙና ያለበትን ፈሳሽ በቀጥታ ንብ ላይ መርጨት አይገባም።

ከላይ ብቻ አይርጩ። ክሽክሽም ሆነ ነጭ ዝንብ የሚሰፍሩት ከቅጠሉ ጀርባ ነው፤ ስለዚህ የመርጫውን አፍ ወደ ላይ አዙረው ከሥር ይጀምሩ። የመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ አራት አምስት ተክል ብቻ ረጭተው ሁለት ቀን ይጠብቁ፤ ሳሙና ከበዛ ለጋ ቅጠል ሊያቃጥል ይችላል። ከ5 እስከ 7 ቀን ባለው ጊዜ ይድገሙት፤ ዝናብ ካጠበው ቀኑን ሳይጠብቁ ይድገሙ። የተረፈውን ለነገ አያስቀምጡ።

ክሽክሽን፣ የጎመን ትልን፣ ነጭ ዝንብንና ገና የተፈለፈለ ጓይ ትልን ለመቆጣጠር ይህ ዘዴ በደንብ ይረዳል። ቲማቲም ቅጠል ውስጥ ሰርስሮ የገባውን ቱታ አብሶሉታን ግን ከውጭ የተረጨ ዝፍዝፍ በቀላሉ አይደርስበትም፤ የተጎዳውን ቅጠል እየለቀሙ ማቃጠልና ከመግባቱ በፊት መርጨት ያስፈልጋል። የአንበጣ መንጋ ሲመጣም ባለ አንድ መርጫ ገበሬ መንጋውን ያቆማል ብዬ አላታልልዎትም። ያ የመንግሥትና የአካባቢ አገሮች የጋራ ሥራ ነው።

በቆሎ ውስጥ ለገባው መጤ ተምች

መጤው ተምች እ.ኤ.አ. በ2017 አገራችን ከገባ ወዲህ የበቆሎ ገበሬ ትልቁ ራስ ምታት ሆኗል። ትሉን ከሌላው የሚለየው ግንባሩ ላይ ያለው የተገለበጠ ባላ የመሰለ ነጣ ያለ መስመርና ከጅራቱ በላይ በአራት ማዕዘን የተቀመጡ አራት ጥቁር ነጠብጣቦች ናቸው። ገና ትንሽ ሳለ የቅጠሉን ሽፋን ይፍቅና ብርሃን የሚያሳልፍ ስስ ነጭ መስኮት ይተዋል። ኒም የሚደርስበት ሰዓት ያ ነው። መሐሉ ተቀዳዶ እርጥብ ሰጋቱራ የመሰለ ኩስ ከሞላ ትሉ ወፍሯል፤ ያኔ እያወጡ በእጅ መግደል ይሻላል።

እዚህ ላይ ከመርጨት የሚቀል ዘዴ አለ። የአስኳሉን ዱቄት ከእኩል መጠን ደረቅ ሰጋቱራ ወይም ከላመ ደረቅ አፈር ጋር ይቀላቅሉ። በሦስት ጣት ቆንጠር እያደረጉ አዲስ ቅጠል በሚወጣበት የመሐል ቀዳዳ ውስጥ ይጨምሩ። ጤዛውና ካፊያው ዱቄቱን እያራሰ ትሉ ወደሚበላበት ቦታ ያወርደዋል፤ ፀሐይም በቀላሉ አያገኘውም። ውኃ ከሩቅ ለሚቀዳ ገበሬ ይህ ትልቅ ዕረፍት ነው። የአገዳ ቆርቁርንም፣ አገዳው ውስጥ ከመግባቱ በፊት፣ በዚሁ መንገድ ያገኙታል።

ለጎተራና ለዘር

ለዘር የሚቀመጥ ቦሎቄ፣ ሽምብራ ወይም ባቄላ ነቀዝ እንዳይገባው የኒም ዘይት ጥሩ ነው። ለ1 ኪሎ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም ግማሽ የሻይ ማንኪያ ያህል፣ ጨምረው እያንዳንዱ ፍሬ እስኪያብረቀርቅ በእጅ ያሹት። ዘይቱ ነቀዙ ፍሬው ላይ የጣለውን እንቁላል ያፍናል። ሲበዛ ግን ዘሩ እንዳይበቅል ሊያደርግ ስለሚችል ከመዝራትዎ በፊት ጥቂት ፍሬ እርጥብ ጨርቅ ላይ አብቅለው ይፈትሹ። ለምግብ የሚሆነውን እህል በዘይት ባያሹት እመርጣለሁ፤ ምሬቱ ወጥ ውስጥ ይገባል።

ቅጠሉስ? ዘር በሌለበት ወቅት 1 ኪሎ ለጋ ቅጠል ወቅጠው በ5 ሊትር ውኃ ውስጥ ከዘፈዘፉት ለክሽክሽ ይረዳል። ግን በቅጠሉ ውስጥ ያለው አዛዲራክቲን ከዘሩ ጋር አይወዳደርም። ጥላ ውስጥ የደረቀ ቅጠል በጎተራ እህል መሐል መነስነስም የቆየ ልማድ ነው፤ ቀላል ጥቃት ይከላከላል፣ የተስፋፋ ነቀዝ ግን አያወጣም።

ጥንቃቄ

የተፈጥሮ ነገር ስለሆነ ለሆድ ጤና ነው የሚለው ወሬ ሰው ይጎዳል። የኒም ዘይት ተሰጥቷቸው በጽኑ የታመሙና የሞቱ ሕፃናት በሕክምና ጽሑፎች ተመዝግበዋል። ለልጅ አያጠጡ፤ ነፍሰ ጡርም አትጠጣው። መርጫውን ወንዝ፣ ኩሬ ወይም የዓሣ ገንዳ ውስጥ አይጠቡ፤ ዓሣን ይጎዳል። ሲወቅጡ አፍና አፍንጫዎን ይሸፍኑ። ጎመኑን ከርጭቱ በኋላ ጥቂት ቀን አቆይተው፣ በደንብ አጥበው ይብሉ ወይም ይሽጡ።

ይህን ሁሉ ቤትዎ ውስጥ አዘጋጅቶ መጠቀም ማንንም አያስፈቅድም። ለኒም ዘይት ፀረ ፈንገስ አጠቃቀም ለአሜሪካ ግብርና መሥሪያ ቤትና ለደብልዩ አር ግሬስ ኩባንያ የተሰጠ የአውሮፓ ፓተንት ነበር። ህንዳዊቷ ቫንዳና ሺቫና ሌሎች፣ ዕውቀቱ የህንድ ገበሬዎች የቆየ ሀብት ነው ብለው ተሟግተው እ.ኤ.አ. በ2000 አሰርዘውታል፤ ይግባኙም በ2005 ውድቅ ሆኗል። ለዚያ ሙግት ምስጋና ይገባቸዋል።

የራስዎን ዛፍ ለመትከል

ቆላ ከሆኑ ሁለት ሦስት ዛፍ ለአንድ ቤተሰብ ጓሮ ይበቃል። 10 ኪሎ ደረቅ ዘር 100 ሊትር ዝፍዝፍ ይሰጣል፤ በደንብ የጎለመሰ ዛፍ ደግሞ በዓመት ከ30 እስከ 50 ኪሎ ፍሬ ሊያፈራ ይችላል። ለመትከል የሚሆነው ዘር ግን ለርጭት እንደሚሆነው አይጠበቅም። የመብቀል ኃይሉ በሳምንታት ውስጥ ስለሚጠፋ ሥጋውን አጥበው ወዲያው በችግኝ ላስቲክ ይዝሩት። ችግኙን በክረምት መግቢያ፣ ውኃ በማይተኛበት ቦታ፣ ከቤትና ከሰብል ማሳ ራቅ አድርገው ይትከሉ፤ የመጀመሪያውን ዓመት ከፍየል ይጠብቁት። ወፍ ዘሩን ስለሚበትነው በተፈጥሮ ደን ጠርዝ ላይ አይትከሉ፤ በሰሜን አውስትራሊያ አረም ሆኖ አስቸግሯል። ማፍራት የሚጀምረው ከ3 እስከ 5 ዓመት ባለው ጊዜ ነው።

እስከዚያ፣ ወይም ደጋ ላይ ከሆኑ፣ ዘሩን ከቆላ ነጋዴ ይግዙ። ከመክፈልዎ በፊት እጅዎን ጆንያው ውስጥ ጨምረው ከላይ፣ ከመሐልና ከሥር አሥር ዘር ያውጡና እዚያው ይሰንጥቋቸው። ከሁለት በላይ የጠቆሩ ካሉ ሌላ ጆንያ ይክፈቱ ይበሉ።